ከደወል ድምፅ ሥር

በፊሊፒንስ ምሥራቃዊ ክፍል ሳማር የሚባል ትልቅ ደሴት አለ። በደሴቱ ደቡባዊ ጠረፍ፣ አንድ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ባላንጊጋ ተቀምጣለች። ፊቷ የሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ጀርባዋ ኮረብታና ደን። ዛሬም ቢሆን ሕዝቧ ወደ 14 ሺህ ብቻ የሚጠጋ፣ ዓሣና ኮኮናት የሚያኖራት ከተማ ናት። በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሳው በአንድ ጠዋት ምክንያት ነው። ያን ጠዋት ግን ከፊቱና ከኋላው ካለው ኑሮ ነጥዬ ልተርከው አልፈልግም። ወታደሮች የጻፉት ስለ ውጊያ ነው፤ የከተማዋ ሰው የተነሳው ግን ስለ ጎደሬው፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ እህቱና ስለ ገጀራው ነበር።

ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በማርች 1521 የማጄላን መርከቦች ሰፊውን ፓሲፊክ አቋርጠው ሲመጡ፣ ከፊሊፒንስ ምድር መጀመሪያ ያዩት የሳማርን ተራሮች ነው። የወረዱት በባሕረ ሰላጤው ደጃፍ ባለችው ሆሞንሆን በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነበር። ከጉዞው ጋር የነበረው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ፒጋፌታ እንደመዘገበው፣ የአካባቢው ሰዎች በታንኳ ቀርበው ለተራቡት መርከበኞች ዓሣ፣ ሙዝ፣ ኮኮናትና አንድ ጋን የዘንባባ ጠጅ ሰጧቸው።

ያ ጠጅ ዛሬም አለ፤ ቱባ ይባላል። ቱባ ቀጂው ገጀራውን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ በግንዱ ላይ የተፈለፈለውን መርገጫ እየረገጠ፣ ጠዋትና ማታ ኮኮናቱ አናት ላይ ይወጣል። ያልፈነዳውን የአበባ እምቡጥ ጫፍ በስሱ ይቀርፈዋል። ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ከሥሩ በታሰረ የቀርከሃ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ባሮክ የሚሉት የማንግሮቭ ዛፍ ቅርፊት ተወቅጦ ሲጨመርበት ቀይ ይሆናል፤ ሲሰነብት ደግሞ ኃይለኛ ይሆናል። የሳማር ሰው ቋንቋው ዋራይ ነው፤ በዋራይ ደቦ ፒንታካሲ ይባላል። ቤት ሲቆም፣ መንገድ ሲጠረግ ሁሉም ይወጣል፤ ባለ ጉዳዩ ደግሞ ምግቡንና ቱባውን ያቀርባል። ይህን ልማድ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ስፔኖች ደሴቶቹን ሲይዙ ያገኙት በየወንዙ ዳር ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ ነበር። እንዲህ የተበተነን ሕዝብ ማጥመቅም ማስገበርም አይመችም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ይሠራሉ፣ ደወል ይሰቅላሉ፣ ከዚያም ሰው ሁሉ ደወሉ በሚሰማበት ርቀት ውስጥ ቤቱን እንዲሠራ ያዛሉ። ለዚህ ኑሮ የሰጡት ስም «ከደወሉ ሥር» የሚል ነው። ከደወሉ ሥር የገባ ክርስቲያንና ገባር ሆነ፤ ያልተመቸው ወደ ጫካ ሸሸ፤ የሸሸውን «ተራራ የገባ» ብለው በሽፍታ ዓይን አዩት።

በግድ የመጣው ደወል እያደር የሕዝቡ የራሱ ሆነ። ከደቡብ ከሚንዳናዎና ከሱሉ በኩል ነፋስ ተከትለው የሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮች በጀልባ ሲታዩ፣ ሴትና ሕፃን ወደ ደን እንዲሮጥ የሚያስጠነቅቀው ደወሉ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማታ ጸሎት ይደወላል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ቆሞ ያማትባል፤ ልጆች ወደ ቤት ገብተው የአያቶቻቸውን እጅ ግንባራቸው ላይ አድርገው ይመረቃሉ። ሰው ሲሞት በዝግታ፣ ሕፃን ሲጠመቅ በፍጥነት ይደወላል። ባሕር ላይ ያደረ ዓሣ አጥማጅ ጉም ሲሸፍነው ወደ ወንዙ አፍ የሚመለሰው ድምፁን ይዞ ነው። የባላንጊጋ ቤተ ክርስቲያን በሰማዕቱ ዲያቆን በቅዱስ ሎሬንዞ ስም የቆመ ነው። ከሦስቱ ደወሎቹ በአንዱ ላይ 1889፣ በሌላው ላይ 1895 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ጽሑፋቸው በእገሌ ቄስ ዘመን እንደገና ቀልጦ ተሠራ ይላል። አሮጌው ደወል ሲሰነጠቅ አልተጣለም፤ ነሐሱ ቀልጦ ድምፁን ቀጠለ ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሳማር ሀብት ቃጫ ነበር። አባካ የሚሉት ተክል የሙዝ ወንድም፣ የእንሰታችንም ዘመድ ነው። ግንዱን ልጠው፣ በቢላ ሥር አስገብተው በጉልበት ይስቡታል፤ ሥጋው ሲቀር ረጅም ነጭ ቃጫ ይወጣል። የባሕር ጨው የማያበሰብሰው በመሆኑ የዓለም መርከቦች ገመድ ከዚህ ይሠራ ነበር። ለደሴቲቱ ገንዘብ የሚያመጣው ይህ ቃጫ ነበርና፣ በኋላ ጦርነት ሲመጣ አንዱ ወገን ስንቁንና ጥይቱን የሚገዛበት፣ ሌላው ወገን ወደቡን የሚዘጋበት ምክንያት ሆነ።

ጦርነቱም መጣ። ዲሴምበር 10 ቀን 1898 በፓሪስ በተፈረመው ውል ስፔን ፊሊፒንስን ለአሜሪካ በ20 ሚሊዮን ዶላር አስረከበች። ፊሊፒናውያን ግን ነጻነታቸውን አውጀው መንግሥት አቋቁመው ነበር። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1899 በማኒላ ዙሪያ ተኩስ ተከፈተ። በሳማር ጄኔራል ቪሴንቴ ሉክባን ጫካ ገብቶ ደፈጣ ጀመረ። በማርች 1901 ፕሬዚዳንታቸው አጊናልዶ ሲማረክ ብዙዎች እጅ ሰጡ፤ ሳማር ግን አልሰጠችም።

ባላንጊጋ እንዲህ ባለ ጊዜ መሐል ላይ ነበረች። በሜይ 1901 የከተማዋ ከንቲባ ፔድሮ አባያን ለሉክባን ደብዳቤ ጽፎ፣ ጠላት ቢመጣ ሕዝቡ ወዳጅ መስሎ እንደሚቀበለው፣ ምቹ ጊዜ ሲገኝ ግን እንደሚነሳበት ነገረው። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጸሐፊዎች ሁሉ ነገር አስቀድሞ ለመታቀዱ ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከጫካ ያለውን ጄኔራል የሚፈራ፣ ከባሕር የሚመጣውንም የሚፈራ ከንቲባ ለሁለቱም የሚጽፈው ነገር አያጣም። ሰውን ያስነሳው ወታደሮቹ ከመጡ በኋላ ያለው ወር ተኩል ነው።

ኦገስት 11 ቀን፣ የቅዱስ ሎሬንዞ በዓል በተከበረ በማግስቱ፣ የአሜሪካ 9ኛ እግረኛ ሬጅመንት የሲ ሻምበል ወታደሮች ከመርከብ ወረዱ። ቁጥራቸው 74፣ አዛዣቸው ካፒቴን ቶማስ ኮኔል ነበር። ሥራቸው ወደቡን ዘግተው ለሉክባን ስንቅ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። መኮንኖቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በቄሱ ቤት፣ ወታደሮቹ በማዘጋጃ ቤቱና በአካባቢው ባሉ ቤቶች ሰፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጥፎ አልነበሩም። ወታደሮቹ ከከተማው ወጣት ጋር ቱባ ጠጡ፣ ቤዝቦል አሳዩ፤ የፖሊስ አዛዡ ባሌሪያኖ አባናዶርና ጓደኞቹም በዱላ የሚደረገውን አርኒስ የተባለ የአገሩን ፍልሚያ አሳዩአቸው።

ከዚያ ኮኔል የበላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ብሎ ከተማዋ እንድትጸዳ አዘዘ። በቤቶቹ ሥርና ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ይመንጠር አለ። ለእሱ አረም ነበር፤ ለሰዉ ግን ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና የጓሮ ተክል ነው። ከዚህም ሌላ ሉክባን ምግብ የሚያባክን ሰው እንደሚቀጣ አስጠንቅቆ ነበርና፣ የታዘዘውን የሚመነጥር ከጫካው ቅጣት፣ የማይመነጥር ከካፒቴኑ ቅጣት ይጠብቀዋል። በዚህ መሐል ሁለት የሰከሩ ወታደሮች ቱባ የምትሸጥ አንዲትን ልጃገረድ ሊደፍሩ ሲታገሉ ወንድሞቿ ደርሰው ደበደቧቸው። የካፒቴኑ መልስ የከተማዋን ወንዶች አስከብቦ ማሰር ነበር። እያንዳንዳቸው 16 ሰው እንዲይዙ በተሠሩ ሁለት ድንኳኖች ውስጥ 80 ያህል ሰዎች ሳይበሉ አደሩ። መተኛት ቀርቶ መቀመጫ እንኳ የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ገጀራቸው ተወሰደ፤ ለቤተሰባቸው ያስቀመጡት ሩዝም ተወረሰ።

ለሳማር ገበሬ ገጀራ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ኮኮናት የሚፈለጠው፣ ቱባ የሚቀዳው፣ አባካ የሚቆረጠው፣ እንጨት የሚለቀመው በእሱ ነው። ገጀራው የተቀማ ወንድ ቤቱን የሚያበላበት እጅ የለውም።

አባናዶር ለካፒቴኑ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ምንጣሮው ቶሎ እንዲያልቅ ከአካባቢው መንደሮች ሰው ላምጣ አለ። ከውጭ ሲያዩት ፒንታካሲ ነው፤ ደቦ። ኮኔል ፈቀደ። የመጡት በአካባቢው የተመረጡ ጠንካራ ወንዶች ነበሩ። የደብሩ ቄስ ከተማዋን ለቀው ሄደዋል። ሴፕቴምበር 27 ማታ ሴቶችና ሕፃናት በጸጥታ ወጡ። የአሜሪካኖቹ ትረካ እንደሚለው፣ የሴት ልብስ የለበሱ ሰዎች ትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ተሸክመው፣ በበሽታ የሞቱ ሕፃናት ናቸው እያሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። በዚያው ቀን ለወታደሮቹ የፖስታ ጀልባ መጥታ፣ ፕሬዚዳንታቸው ዊልያም ማኪንሊ ተገድሎ መሞቱን የሚናገር ወሬና ከእናቶቻቸው የተላከ ደብዳቤ አምጥታ ነበር።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1901 ቅዳሜ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1894፣ የመስቀል ማግስት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን በየማደሪያቸው ትተው ለቁርስ ተቀመጡ። አባናዶር ሠራተኞቹን የሚቆጣጠር መስሎ በዘቡ አጠገብ አለፈ፤ ድንገት ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ መታውና የባላንጊጋን ሰዎች «አጥቁ» ብሎ ጮኸ። ደወሉ ተደወለ። የዛጎል መለከት ከየአቅጣጫው ተነፋ። በድንኳን የታጎሩት ወጡ፣ በቤተ ክርስቲያን የተደበቁት ወጡ፤ 500 ያህል ሰዎች በገጀራ ወረዱባቸው። ሦስቱም መኮንኖች ሞቱ። ወታደሮቹ በወንበር፣ በወጥ ቤት ቢላ፣ በፈላ ውኃ፣ በቤዝቦል ዱላ ተከላከሉ። ካሲያና ናሲዮናሌስ የምትባል አንዲት ሴት ብቻ አልሸሸችም፤ መቁጠሪያዋን ከፍ አድርጋ እያውለበለበች ወንዶቹን ታበረታታ ነበር። ጥቂት ወታደሮች ጠመንጃቸው ጋ ደርሰው ተኩስ ሲከፍቱ አባናዶር ሰዎቹን መለሰ።

ከ74ቱ 48ቱ በዚያው ወይም በቁስላቸው ሞቱ፤ ምንም ያልነካቸው 4 ብቻ ነበሩ። ከከተማዋ ሰዎች 28 ሞቱ። የተረፉት አሜሪካውያን በታንኳ ቀዝፈው ወደ ባሰይ ሸሹ። በባሰይ የነበረው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ካፒቴን ኤድዊን ቡክሚለር በማግስቱ በመርከብ መጥቶ ከተማዋን ባዶ አገኛት፤ አቃጠላት።

አሜሪካኖች ያን ጠዋት «እልቂት» አሉት። እልቂት የሚለው ቃል የሚገባው ከዚያ በኋላ ለመጣው ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ጄኮብ ስሚዝ ሳማርን ባዶ ምድረ በዳ አድርጉ፣ መሣሪያ ሊይዝ የሚችልን ሁሉ ግደሉ አለ። የባሕር ኃይል ወታደሮቹ አዛዥ ሜጀር ሊትልተን ዎለር ከስንት ዓመት በላይ ብሎ ጠየቀው። ስሚዝ 10 ዓመት አለ። ዎለር ትእዛዙን እንደ ቃሉ ባይፈጽመውም፣ በ11 ቀን ውስጥ 255 ቤቶች ማቃጠሉን፣ 13 ጎሾች መተኮሱን፣ 39 ሰዎች መግደሉን ራሱ ሪፖርት አድርጓል። ጎሹ ያርሳል፤ ጎሽ የተገደለበት ገበሬ ለሚመጣው ዓመትም ተራበ ማለት ነው። ቄሶች ሳይቀሩ ውኃ እየተጋቱ ተሠቃዩ። በጠቅላላው በሳማር የሞተውን ሕዝብ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ከ2 ሺህ በላይ ይገምቱታል፣ ሌሎች በአሥር ሺዎች። ሉክባን በፌብሩዋሪ 1902 ተያዘ። ስሚዝ በሜይ በጦር ፍርድ ቤት ቀረበና የተግሣጽ ቅጣት ተፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጡረታ አሰናበተው። ለአሥር ዓመት ሕፃን የተሰጠው ፍርድ ይኸው ነው።

ወታደሮቹ ሲሄዱ ሦስቱን ደወሎች ይዘው ሄዱ። ሁለቱ በዋዮሚንግ ግዛት ሻየን ከተማ አጠገብ በሚገኝ የጦር ሰፈር ቆሙ፤ ሦስተኛው የ9ኛው ሬጅመንት ምርኮ ሆኖ በመጨረሻ ደቡብ ኮሪያ ካለ ጦር ሰፈር ደረሰ። ለወታደሮቹ የሞቱ ጓዶቻቸው መታሰቢያ ነበሩ፤ ይህን አልንቅም። ግን ባላንጊጋ ከጫካ ወጥታ የተቃጠለውን ቤት በኒፓ ቅጠል እንደገና ስትከድን፣ ሙታኗን የምትሸኝበት የራሷ ድምፅ አልነበራትም። ሕዝቡ ኑሮውን ቀጠለ። አባካ ተተከለ፣ ኮኮናት ተተከለ፣ አሥርት ዓመታት አለፉ። በ1944 የሌይቴ ባሕረ ሰላጤ በታላቁ የባሕር ጦርነት ሲናወጥም ከተማዋ እዚያው ነበረች። በ1965 ባላንጊጋ ያለችበት ምሥራቅ ሳማር ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ።

የደወሎቹ ነገር ከሽማግሌዎች ወሬ ወጥቶ በጽሑፍ የተጠየቀው በ1957 ነው፤ ኢየሱሳዊው ቄስና ታሪክ ጸሐፊ ኦራሲዮ ዴ ላ ኮስታ ለአሜሪካ አየር ኃይል ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ ዘገየ፤ ዝም ተባለ። በ1989 በወጣ ሕግ ሴፕቴምበር 28 በክፍለ ሀገሩ በዓል ሆነ። በየዓመቱ በዚያ ቀን የከተማዋ ሰዎች ጠዋቱን እንደገና ይጫወቱታል። የዘቡ ልጅ ልጅ ያልሆነ ሰው አሜሪካዊ ሆኖ ቁርስ ላይ ይቀመጣል፤ የአባናዶር ጎረቤት አባናዶር ይሆናል። በአደባባዩ ላይ የታላቁ ቀራፂ ናፖሊዮን አቡዌቫ ሐውልት ቆሟል። አቡዌቫ የቀረፀው ገጀራ የያዙትን ብቻ አይደለም፤ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ወታደሮችም ነው። ይህ ሐውልት ብዙ ይነግረኛል፤ ከተማዋ ሙታኑን ሁሉ አደባባይዋ ላይ አስቀምጣለች።

በ1990ዎቹ ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ ለፕሬዚዳንት ክሊንተን ጥያቄ አቀረቡ፤ ቅጂ ሠርተን አንዱን እናንተ፣ አንዱን እኛ እንያዝ እስከማለት ደረሱ። የዋዮሚንግ የጦር አርበኞችና የምክር ቤት ተወካዮቻቸው እምቢ አሉ። ሌሎች አርበኞች ደግሞ ይመለሱ ብለው ተሟገቱ። በዚያ ጠዋት ተመትቶ የተረፈው ዘብ ልጅ ራሷ፣ ካደገች በኋላ፣ ከመላሾቹ ወገን ቆማለች። የታሪክ ተመራማሪዎች ከሁለቱም አገር ተሰባስበው የጠዋቱን ነገር ከተረት ለይተው ጻፉ። ባላንጊጋ ጠበቀች፤ ልጆቿ ወደ ማኒላ፣ ወደ መርከብ ሥራ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አረብ አገሮች ሄዱ። ዱባይ ወይም ቤይሩት በአንድ ፎቅ ላይ ከኢትዮጵያዊት እህታችን ጎን የምትሠራዋ ፊሊፒናዊት ገንዘብ የምትልከው ብዙ ጊዜ እንዲህ ወዳለች ከተማ ነው።

ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ገና ሳይነጋ፣ ዮላንዳ ብለው የሚጠሩት አውሎ ነፋስ ከባላንጊጋ በስተምሥራቅ ባለችው ጊዋን ላይ ከባሕር ወጣ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ኃይለኞች አንዱ ነበር። በመንገዱ ላይ ያሉት የደቡብ ሳማር ከተሞች ጣራቸው ተገነጠለ፤ ኮኮናቱ እንደ ክብሪት እንጨት ተሰባብሮ ተኛ። አዲስ የተተከለ ኮኮናት እስኪያፈራ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ቱባ ቀጂው የሚወጣበት ግንድ አጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲጠገን፣ ቤት ሲቆም፣ ፒንታካሲ እንደገና ወጣ።

በጁላይ 2017 ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱተርቴ በዓመታዊ ንግግራቸው ደወሎቹ የእኛ ናቸው፣ መልሱልን ብለው በግልጽ ጠየቁ። በአሜሪካ በኩል መመለሳቸውን ያግድ የነበረው የሕግ እንቅፋት ተወገደ። ኖቬምበር 14 ቀን 2018 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄምስ ማቲስ ሻየን ተገኝተው የሁለቱን ደወሎች ሽኝት መሩ። ከኮሪያ የመጣው ሦስተኛው ተጨመረና ዲሴምበር 11 ቀን በወታደራዊ አውሮፕላን ማኒላ አረፉ። የመቅደላ ታቦት ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ የነበረውን ዕልልታ የሚያስታውስ አንባቢ ያን ሰዓት መገመት አይቸግረውም። ዲሴምበር 15፣ ከ117 ዓመት በኋላ፣ ሦስቱም ባላንጊጋ ገቡ። አሮጊቶች እጃቸውን ነሐሱ ላይ እያሳረፉ ሳሙት።

ያ ቀን የተመረጠው አለምክንያት አልነበረም። በፊሊፒንስ ከገና በፊት ዘጠኝ ቀን ንጋት ላይ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ የመጀመሪያው ዲሴምበር 16 ነው። ሰው በጨለማ ተነስቶ፣ ሕፃኑን አቅፎ፣ ፋኖሱን ይዞ ይሄዳል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሳሉካራ የሚሉት የሩዝ ቂጣ በቱባ እርሾ ተቦክቶ ትኩስ ትኩሱ ይሸጣል። በ2018ቱ ንጋት ላይ፣ ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት፣ ደወሎቹ ተደወሉ። በሕይወት ያለ ማንም የባላንጊጋ ሰው ደወሎቹ ከመመለሳቸው በፊት ያን ድምፅ በከተማው ሰምቶት አያውቅም። ለገና ገና ስምንት ንጋት ቀርቶ ነበር።